የጨረቃን መውደቅ የለካው ሰው

በየወሩ መባቻ ከመግሪብ በኋላ አዲሲቱን ጨረቃ ለመፈለግ ዓይኑን ወደ ምዕራብ አድማስ የሚልክ ሰው ብዙ ነው። ጨረቃን በርቀቷ ላይ ምን ይዟት እንደ ኖረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች፤ አትሸሽም፣ የምትወድቅም አትመስልም። በእርግጥ ግን ጨረቃ በየደቂቃው ወደ ምድር ትወድቃለች፤ የምትወድቅበትም ልክ በሜትር የታወቀ ነው። ይህን በስሌት ያረጋገጠው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ሲሆን፣ ከሐሳቡ መነሻ እስከ ማረጋገጫው ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚተረከው የፖም ፍሬ ወግ ይህን ሃያ ዓመት ስለሚውጠው፣ የሰውየውን ሕይወት ከዚያ በኩል መመልከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒውተን የተወለደው በእንግሊዝ ሊንከንሸር አውራጃ፣ ዉልስቶርፕ በተባለች ትንሽ መንደር ነው። ቀኑ እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ትከተለው በነበረው አሮጌ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1642፣ በዛሬው አቆጣጠር ደግሞ ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ነበር። ገበሬ የነበረው አባቱ ልጁ ከመወለዱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ነበር። ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደና እጅግ ትንሽ ስለ ነበር ይተርፋል ብሎ የገመተ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሐና በዕድሜ የገፋ ሀብታም ቄስ አግብታ ወደ ባሏ መንደር ሄደች፤ ልጁን ለአያቱ ተወችው። የባልየው መንደር በእግር የሚደረስበት ቅርብ ስፍራ ነበር፤ ልጁ ግን እናቱ ዳግም መበለት ሆና እስክትመለስ ድረስ ስምንት ዓመት ያህል ያለ እርሷ አደገ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሠራቸውን ኃጢአቶች በምስጢር ሲዘረዝር፣ እናቱንና እንጀራ አባቱን ከነቤታቸው አቃጥላለሁ ብሎ መዛቱን ከዝርዝሩ አስገብቷል። ከሰው ጋር ያለውን ርቀት ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቅ የኖረ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብዙ ይናገራል፤ ከዚያ አልፎ መተንተን ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

በግራንታም ከተማ ሲማር በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ያድር ነበር። የውኃ ሰዓት፣ የጥላ ሰዓት፣ የነፋስ ወፍጮ አምሳያ እየሠራ ጎረቤቱን ያስገርም እንደ ነበር ተጽፏል። እናቱ ከትምህርት አውጥታ የእርሻውን ሥራ ልታስይዘው ሞከረች፤ ከብቶቹ የሰው ማሳ ገብተው እርሱ መቀጫ እስኪከፍል ድረስ ለእርሻ የማይሆን ልጅ መሆኑ ተረጋገጠ። አጎቱና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለምነው አስመለሱት፤ በ1661 በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። እናቱ ባትቸገርም የምትሰጠው ጥቂት ስለ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለሌሎች እየተላላከና እያገለገለ የሚማር ተማሪ ሆኖ አሳለፈ።

በዚያ ዘመን ስለ ሰማይ አካላት የሚታወቀው ጥቂት አልነበረም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት በፍጹም ክብ ሳይሆን በሞላላ መንገድ መሆኑን በ1609 አሳትሟል። በ1619 ደግሞ አንድ አስደናቂ ዝምድና ጨመረበት። ፕላኔቱ ከፀሐይ በራቀ ቁጥር ዙሩን ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል፤ የሚረዝመውም በልክ ነው። ጊዜው በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር፣ ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ እንደ ገና በርቀቱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል እየተራመደ ያድጋል። ኬፕለር ይህን ያገኘው ቁጥር ከቁጥር እያስተያየ ነው። ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ግን አጥጋቢ መልስ አልነበረውም፤ ከፀሐይ የሚወጣ፣ ማግኔት መሰል ኃይል ፕላኔቶቹን እየገፋ ያዞራቸዋል ብሎ ገምቶ ነበር።

በ1665 በለንደን የበረታው ቸነፈር ሲዛመት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋና ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። የሃያ ሁለት ዓመቱ ኒውተንም ወደ ዉልስቶርፕ ተመልሶ እስከ 1667 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቆየ። የፖሟ ነገር ከዚህ ወቅት ጋር የተያያዘ ነው። ወጉ ከመሬት የተነሣ ፈጠራ አይደለም፤ ኒውተን ራሱ በ1726፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ሆኖ፣ ዊልያም ስቱክሊ ለተባለ ወዳጁ አጫውቶታል። ፍሬዋ አናቱን መታችው የሚለው ግን በኋላ የተጨመረ ቅመም ነው።

የፖም መውደቅ ለማንኛውም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ጥያቄው የሄደበት ርቀት ነው። ፍሬዋን ከቤት ጣሪያ ወይም ከተራራ ጫፍ ብንለቃት ያው ወደ ምድር ትወድቃለች፤ ከፍታው በመጨመሩ ጉተታው ሲደክም አይታይም። ታዲያ ይህ የምድር ጉተታ የት ላይ ያበቃል? እስከ ጨረቃ ቢዘልቅስ? ቢዘልቅ፣ እዚያ ሲደርስ ምን ያህል ቀንሶ ይገኛል? ከኒውተን በፊት የነበረው አስተሳሰብ የሰማዩን ሥርዓት ለሰማይ፣ የምድሩን ለምድር ከፍሎ ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ ፖምንና ጨረቃን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራሱ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር።

ኒውተን በክብ መንገድ የሚዞር አካል ከመንገዱ እንዳይወጣ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልገው በስሌት አግኝቶ ነበር። ይህን ከኬፕለር ዝምድና ጋር ሲያጋጥመው የወጣው ውጤት አጭር ነው፤ ስበት ከርቀቱ ካሬ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ፣ አሥር እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ መቶኛ። በጨለማ ፋኖስ ይዞ የሄደ ሰው የዚህን አምሳያ በዓይኑ አይቷል፤ የፋኖሱ ብርሃን በሁለት ክንድ ርቀት ላይ የሚበተነው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ከሚያርፍበት አራት እጥፍ በሆነ ስፋት ላይ ነውና። ስበትም እንዲሁ ከርቀት ጋር እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አንድ ድንበር ላይ ተቆርጦ አይቀርም።

የዚህ ሕግ ፈተና ጨረቃ ናት። ከምድር መሃል እስከ ጨረቃ ያለው ርቀት ከምድር መሃል እስከ ምድር ገጽ ካለው፣ ማለትም ከምድር ራዲየስ፣ ስድሳ እጥፍ ገደማ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ስድሳ በስድሳ ሲባዛ 3,600 ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ እውነት ከሆነ፣ ምድር ጨረቃን የምትስብበት ብርታት በአጠገባችን ያለውን ድንጋይ ከምትስብበት 3,600 ጊዜ ያነሰ መሆን አለበት። ከእጅ የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያዋ ሰከንድ 4.9 ሜትር ያህል ይወድቃል። ጨረቃ በአንድ ሰከንድ የምትወድቀው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የሚወድቅ አካል የሚሸፍነው ርቀት ከጊዜው ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ስድሳ ሰከንድ ሲሞላ የጨረቃ መውደቅ 3,600 ጊዜ ተባዝቶ እንደ ገና 4.9 ሜትር ላይ ይደርሳል። ድንጋይ በአንድ ሰከንድ የሚወድቀውን ጨረቃ በአንድ ደቂቃ ትወድቀዋለች ማለት ነው። ታዲያ ለምን አትደርስብንም? በዚያችው ደቂቃ ወደ ጎን ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትገሰግስ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ በቀጥታ መስመር ብትሄድ ኖሮ ከምድር 4.9 ሜትር ያህል በራቀች ነበር፤ መውደቋ ያንኑ ያህል መልሶ ያቀርባታል፣ ርቀቷም ባለበት ይጸናል።

ወጣቱ ኒውተን በስልሳዎቹ ዓመታት ስሌቱን ሠርቶ ሲጨርስ ያገኘው ግን 3,600 ሳይሆን ከ4,000 የሚበልጥ ቁጥር ነበር። ጉድለቱ በሕጉ ላይ አልነበረም፤ በመለኪያው ላይ ነበር። በእጁ የነበረው የምድር ራዲየስ ከእውነተኛው ከአሥር በመቶ በላይ ያነሰ ስለ ነበር፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የጨረቃ ርቀትም አብሮ ተሳስቷል። ውጤቱ ወደሚጠበቀው የቀረበ ነበር፤ ለማሳተም ግን አልበቃም። ወረቀቱን አስቀመጠና ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።

ስለ መለኪያ ከተነሣ ዘንድ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ማለት ተገቢ ነው። ምድርን መለካት በዚህ በእኛ አካባቢ ረጅም ታሪክ ያለው ሥራ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኸሊፋ አል-መእሙን ዛሬ በሰሜን ምዕራብ ኢራቅ ወደሚገኘው ወደ ሲንጃር ሜዳ ሊቃውንትን ልከው የአንድ ዲግሪን ርዝመት አስለክተዋል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አል-ቢሩኒ ዛሬ በፓኪስታን ባለው በናንዳና ምሽግ ቆመው፣ ከተራራው ላይ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በመለካት የምድርን ራዲየስ አስልተዋል። በጨረቃ ርቀት ረገድ ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመያድ መስጊድ የሰላት ጊዜ ጠባቂ፣ ሙወቂት፣ የነበሩት ኢብኑ ሻጢር የሠሩት ሥራ አለ። በግሪኩ በቶለሚ ሥርዓት መሠረት ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ ከሌላው ጊዜ በእጥፍ ገደማ ወደ ምድር መቅረብ ነበረባት፤ ያ እውነት ቢሆን ኖሮ በአንዳንድ ሌሊት በእጥፍ ገዝፋ በታየች ነበር። ኢብኑ ሻጢር ባዘጋጁት አዲስ ሥርዓት ይህን አስተካከሉ። ከእነዚህ ሊቃውንት አንዳቸውም ግን ስለ ስበትና ርቀት ሕግ አልጻፉም። ጽፈዋል የሚሉ መጣጥፎች አልፎ አልፎ ይታያሉ፤ ማስረጃ የላቸውም፣ ለባለቤቶቹም ክብር አይጨምሩላቸውም። ድርሻቸው ርቀትን በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ነው፤ ወጣቱን ኒውተን የጎደለውም በትክክል ይኸው ነበር።

የጎደለውን የሞላው ፈረንሳዊው ዣን ፒካር ነው። በ1669 እና በ1670 ከፓሪስ ደቡብ ተነሥቶ እስከ አሚያን ከተማ አቅራቢያ ድረስ በለካው ልክ የምድር ራዲየስ ከዛሬው ቁጥር እጅግ በማይርቅ ሁኔታ ታወቀ። በዚህ አዲስ ልክ የተሠራው የጨረቃ ስሌት 3,600ን በሚያስደስት ትክክለኛነት ይሰጣል።

ነገር ግን ሃያ ዓመቱን ሁሉ በምድር ልክ ስሕተት ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ከዚያ የከበደ ሌላ እንቅፋት ነበር፤ እርሱም ርቀቱ ከየት ተነሥቶ ነው የሚለካው የሚለው ነው። ፖሟ ከመሬት በላይ ያለችው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከእግሯ በታች ያለው አፈር ቅርብ ነው፤ በምድር ማዶ ያለው ከአሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እያንዳንዷ ቅንጣት በየራሷ ርቀት የምትስብ ከሆነ፣ የድምሩ ጉተታ ስንት ይሆናል? የጨረቃው ስሌት የሚሠራው ምድር ሁለንተናዋ በመሃሏ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ እንደ ተከማቸች ሲቆጠር ብቻ ነው። በዚያ አቆጣጠር ፖሟ ከምድር የምትርቀው በጥቂት ሜትር ሳይሆን በ6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ለአእምሮ የሚከብድ ነገር ነው። ኒውተን ትክክል መሆኑን በጂኦሜትሪ ያረጋገጠው በ1685 ነው፤ ድቡልቡል የሆነ አካል ከውጭ ያለን ነገር የሚስበው ክብደቱ ሁሉ መሃሉ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው።

እስከዚያው ሕይወቱ በሌላ መንገድ ሄዷል። በ1669፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ በካምብሪጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በመስተዋት የሚሠራ ቴሌስኮፕ በገዛ እጁ ሠርቶ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ስለ ላከ በ1672 የማኅበሩ አባል አደረጉት። በዚያው ዓመት ነጭ ብርሃን የቀለማት ውሑድ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉን ክፉኛ ከተቹት አንዱ የማኅበሩ የሙከራ ኃላፊ ሮበርት ሁክ ነበር። ትችት የማይችለው ኒውተን ወደ ክፍሉ ተመልሶ በሩን ዘጋ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ከሳይንሱ ማኅበር ይልቅ ከአልኬሚና ከሃይማኖት ጥንታዊ መጻሕፍት ጋር ሲኖር ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ያወጣው ደግሞ ያው ሁክ ነው። በ1679 መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ጽፎ፣ የፕላኔቶች እንቅስቃሴ ወደ ፊት ከሚወስዳቸው ቀጥተኛ ጉዞና ወደ መሃል ከሚጎትታቸው ስበት የተዋሐደ ቢሆንስ ሲል ጠየቀው። በ1680 መጀመሪያም ስበቱ ከርቀቱ ካሬ ጋር እንደሚቀንስ ግምቱን ገለጸለት። በደብዳቤው ልውውጥ መካከል ኒውተን ስለሚወድቅ አካል መንገድ አንድ ስሕተት ሠርቶ ሁክ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት አርሞታል። ኒውተን ይህን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ነገር ግን ጥያቄው ገብቶት ነበርና ለብቻው ሠርቶ መልሱን አገኘው፤ ለማንም ሳይናገርም ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ጣለው።

በጃንዋሪ 1684 ሁክ፣ አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬንና ወጣቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሊ በዚሁ ጉዳይ ተነጋገሩ። ሦስቱም የርቀት ካሬውን ሕግ ገምተው ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ ሞላላውን መንገድ የሚያረጋግጥ ግን አልተገኘም። ሬን በሁለት ወር ውስጥ ማረጋገጫ ለሚያመጣለት አርባ ሽልንግ የሚያወጣ መጽሐፍ እንደሚሸልም ቃል ገባ። ሁክ አለኝ አለ፤ አላመጣም። በኦገስት ሃሊ ወደ ካምብሪጅ ሄዶ ጥያቄውን ለኒውተን አቀረበለት። ኒውተን መንገዱ ሞላላ እንደሚሆን ወዲያው መለሰ፣ ከዓመታት በፊት እንዳሰላውም ነገረው፤ ወረቀቱን ቢፈልግ ግን አጣው። እንደ ገና ሠርቶ እንደሚልክለት ቃል ገባ፤ በኖቬምበር ዘጠኝ ገጽ የምትሆን ጽሑፍ ላከ። ሃሊ የደረሰው ምን እንደ ሆነ ስለ ገባው ተመልሶ ሄዶ ሥራውን እንዲያሰፋው አግባባው።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ኒውተን መብላትና መተኛት እየረሳ የሠራበት ጊዜ ነው። ፕሪንሲፒያ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው መጽሐፍ በጁላይ 1687 ወጣ። ሮያል ሶሳይቲ ስለ ዓሦች ታሪክ ባሳተመው ውድ መጽሐፍ ገንዘቡን ጨርሶ ስለ ነበር የማሳተሚያውን ወጪ የሸፈነው ሃሊ ከኪሱ ነው። ማኅበሩ ለሃሊ የሚገባውን ደመወዝ እንኳ ባልተሸጡት የዓሣ መጻሕፍት ቅጂ ከፈለው። ስለ ኒውተን ሲጻፍ የሃሊ ስም በአንድ መስመር ማለፉ ያሳዝናል፤ የገፋው፣ ያስታረቀው፣ የታረመውን ያነበበውና ከፍሎ ያሳተመው እርሱ ነው።

ማስታረቅ ያስፈለገውም ሁክ የርቀት ካሬው ሐሳብ ከእኔ የተገኘ ነውና በመቅድሙ ይጠቀስልኝ በማለቱ ነው። ኒውተን ተቆጥቶ ሦስተኛውን ክፍል አላሳትምም እስከ ማለት ደረሰ፤ በኋላም የሁክን ስም ከብዙ ቦታ ሰረዘ። ፍርዱ ቀላል አይደለም። ግምት ማረጋገጫ አይደለም፣ ሁክም የሒሳቡ አቅም አልነበረውም። ነገር ግን የ1679ኙ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፣ የጠየቀውም ሁክ ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማመን ኒውተንን ምንም ባላጎደለው ነበር።

ሊቀር የነበረው ሦስተኛ ክፍል ግን የመጽሐፉ ልብ ነው። ጨረቃዎችና ፕላኔቶች በአንድ ሕግ ሲዳኙ የሚታዩት በዚያ ነው። ዐረቦች ሙሽተሪ የሚሉትን ጁፒተርን የሚዞሩትን፣ ጋሊሌዮ በ1610 ያያቸውን አራት ጨረቃዎች እንውሰድ። ከአራቱ ቅርቧ አዮ 422,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአርባ ሁለት ሰዓት ተኩል ትዞራለች። ሩቋ ካሊስቶ 1,883,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አሥራ ስድስት ቀን ከአሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። የካሊስቶ ርቀት ከአዮ አራት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው፤ ጊዜዋ ግን ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ገደማ። የጊዜው ካሬና የርቀቱ ኩብ ሲወሰዱ ሁለቱም 89 አካባቢ ይገናኛሉ። ኬፕለር በፀሐይ ዙሪያ ያገኘው ዝምድና በጁፒተር ዙሪያም ይሠራል ማለት ነው። ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን ጁፒተር ካሊስቶን የሚስበው አዮን ከሚስብበት ሃያ ጊዜ ባነሰ ብርታት ነው። በኋለኞቹ እትሞች የሳተርን፣ የዙሐል፣ አምስት ጨረቃዎችም በዚሁ ሚዛን ገብተው ያንኑ መስክረዋል።

የምድር ጨረቃ ግን እንዲህ ገራም አይደለችም። ለምድር ቅርብ በሆነችበት ጊዜ ርቀቷ ወደ 363,000 ኪሎ ሜትር፣ በራቀችበት ጊዜ ወደ 405,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የርቀቱ ልዩነት አሥራ ሁለት በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ካሬው ስለሚያጎላው የምድር ስበት በቅርቡ ጊዜ ከሩቁ በሩብ ያህል ይበረታል። በዚህ ላይ ፀሐይ አለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይገኛል። ፀሐይ ጨረቃን የምትስብበት ኃይል ምድር ከምትስባት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ጨረቃ ምድርን ትታ ወደ ፀሐይ ለምን አልሄደችም? ፀሐይ የምትስበው ጨረቃን ብቻ ሳይሆን ምድርንም ጭምር፣ በተመሳሳይ ርቀት ላይ ሆና ስለ ሆነ፣ ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ፤ አንድ መርከብ ላይ እንዳሉ ሁለት መንገደኞች ናቸው። ጨረቃን የሚያናውጣት የፀሐይ ስበት ራሱ ሳይሆን፣ ጨረቃ ለፀሐይ ከምድር ጥቂት ስትቀርብና ጥቂት ስትርቅ የሚፈጠረው ልዩነት ብቻ ነው።

በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የሚኖር አንባቢ ይህን ልዩነት በየቀኑ በመድና በጀዝር፣ በባሕሩ መሙላትና መጉደል ያየዋል። ከጨረቃ ፊት ለፊት ያለው የምድር ገጽ ከተቃራኒው ገጽ ይልቅ በአሥራ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ለጨረቃ ይቀርባልና በሰባት በመቶ ገደማ በርትቶ ይሳባል። ፀሐይ ምድርን የምትስበው ከጨረቃ 180 ጊዜ ገደማ በበረታ ኃይል ቢሆንም፣ ርቀቷ ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ በሁለቱ የምድር ገጾች መካከል የምታደርገው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ባሕርን በማንሣት ጨረቃ ፀሐይን ከእጥፍ በላይ ትበልጣታለች። ይህን ያስረዳው ኒውተን ነው፤ የሁለቱን ብርታት ሲያነጻጽር ግን ጨረቃን ወደ አራት ተኩል እጥፍ አድርሶ አበዛው።

ይህ ኃይል በባዶ ስፍራ አልፎ እንዴት ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ ላይብኒዝና ሁይገንስን የመሳሰሉ የዘመኑ ታላላቆች አንሥተውበታል። ኒውተን ራሱ አንድ አካል ያለ አንዳች መገናኛ ሌላውን በሩቅ ይነካል ብሎ ማመን የማይረባ እንደ ሆነ በደብዳቤ ጽፏል። በ1713 እትም ላይ ግን ምክንያቱን ከተፈጥሮ ምልከታ ማግኘት እንዳልቻለና ግምት እንደማይፈጥር ገልጾ በዚያው ተወው። ልኩን አወቀ፤ ምንነቱን እንደማያውቅ አመነ።

በ1693 በሃምሳ ዓመቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ደረሰበት፤ እንቅልፍ አጣ፣ ለወዳጆቹም የክስ ደብዳቤ ጻፈ። ከዳነ በኋላ የተመለሰው ወደ ጨረቃ ነው። ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ነበር። በባሕር መካከል ያለ መርከብ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደ ሄደ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የጨረቃ ቦታ አስቀድሞ በትክክል ቢሰላ ግን እንደ ሰማይ ሰዓት ያገለግል ነበር። የግሪኒች መመልከቻ ጣቢያ በ1675 የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ኒውተን በሴፕቴምበር 1694 ወደዚያ ሄዶ ከጣቢያው ኃላፊ ከጆን ፍላምስቲድ የጨረቃን ምልከታዎች ለመነ። ፍላምስቲድ ሰጠው፤ ተጨማሪ ሲጠየቅ ደግሞ በጥንቃቄና በቀስታ ይሰጥ ነበርና ኒውተን ተቆጣ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ የፍላምስቲድ የሕይወት ዘመን ሥራ ያለ ፈቃዱ በ1712 ታተመ። ፍላምስቲድ ከአራት መቶው ቅጂ ሦስት መቶውን በኋላ አስመልሶ በእሳት አቃጠለው። ኒውተንም በሁለተኛው እትም የፍላምስቲድን ስም ከብዙ ቦታ አወጣ። ጨረቃን ያየላቸው ሰው ባይኖር የጨረቃ ስሌት ከወዴት ይመጣ እንደ ነበር የጠየቀ አልነበረም።

ከ1696 ጀምሮ ኒውተን ለንደን ላይ የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ሹም ነበር፤ በ1703 ሁክ ሲሞት የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚደንት ሆነ፤ በ1705 የክብር ማዕረግ ተሰጠው። ከላይብኒዝ ጋር ስለ ካልኩለስ ባለቤትነት ያደረገው ሙግት ለራሱ አንድ ጽሑፍ የሚሻ ነው። ሚስት አላገባም። ራሱን የሚያሳምመው የጨረቃ ነገር ብቻ እንደ ሆነ ለሚቀርቡት ይናገር ነበር ይባላል፤ እውነትም ሳይረታት ሞተ። በማርች 1727 በሰማንያ አራት ዓመቱ አርፎ በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ።

ያልረታት በዚህ ነው። የጨረቃ ሞላላ መንገድ ራሱ ቦታውን እየቀየረ በዘጠኝ ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። በኒውተን መጽሐፍ ውስጥ ያለው ስሌት ግን የሚሰጠው የዚህን ፍጥነት ግማሽ ብቻ ነው። ከሞቱ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1747፣ ፈረንሳዊው አሌክሲ ክሌሮ ይህ ጉድለት ሕጉ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ያሳያል፣ በቅርብ ርቀት ላይ ሌላ ነገር መጨመር አለበት ብሎ በፓሪስ አካዳሚ ፊት ተናገረ። መላው የስበት ሕግ በአንዲት ጨረቃ ምክንያት ሊፈርስ ደረሰ። ክሌሮ ስሌቱን የበለጠ አርቅቆ ሲሠራው በ1749 ሐሳቡን በይፋ መለሰ። ቀድሞ ትንሽ ናቸው ተብለው የተጣሉት የስሌቱ ክፍሎች ሲደመሩ የጠፋውን ግማሽ ሞልተው ተገኙ፤ የርቀት ካሬው ሕግ ምንም አልተነካም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒውተን ያልታተሙ ወረቀቶች ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ። ከመረመሯቸው መካከል የኔፕቱንን ቦታ በስበት ስሌት የተነበየው ጆን ኩች አዳምስ ነበረ። ከወረቀቶቹ መካከል ኒውተን ያንኑ የጨረቃ መንገድ ዝውውር እንደ ገና ያሰላበት ተገኘ፤ ያገኘው ቁጥር በዓመት 39 ዲግሪ ገደማ ሲሆን እውነተኛው ከ40 ዲግሪ ጥቂት ያልፋል። የተሄደበት መንገድ እንከን እንዳለበት በኋላ የመረመሩት ሰዎች አሳይተዋል። ኒውተንም ይህን ስሌት በየትኛውም እትም ሳያስገባው ከወረቀቶቹ መካከል እንዲቀር አድርጓል።